ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ማን ይጠይቃል?

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን ላይ ሐዋሳ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን አስተባባሪዎች «ስማርት ሰዓት ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እስቲ እንደ ሐኪም ንገሪን» አሉኝ። ይህን ያህል መሐንዲስ ያስመረቀ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን ወደ ሐኪም የላከበት ምክንያት ይገባኛል። ድሮ ታካሚ ገብቶ ሲቀመጥ «ዶክተር፣ ጎረቤቴ እንዲህ ብላኝ» ነበር የሚለው። ዛሬ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ «ዶክተር፣ ሰዓቴ እንዲህ ብሎኝ» ይላል። ጎረቤቷም አልቀረችም፤ ሰዓቱ ተጨመረ እንጂ።

ከዚህ ቆሜ ሳይ ብዙዎቻችሁ እጅ ላይ የሚያበራ ነገር አለ። ስለዚህ «አይጠቅምም» ብዬ ብጀምር ምሳ የሚያበላኝ አላገኝም። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ሰዓቱ ይቆጥራል። ቁጥሩ የሚጠቅመው ግን አይቶት አንድ ነገር የሚያደርግ ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ከሌለ ቁጥሩ ወይ ጭንቀት ይሆናል፣ ወይ ደግሞ የባሰው፣ ያለ ቦታው መጽናኛ ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህንን ማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ በእውነት ምን እንደሚለካ እንወቅ። ገልብጣችሁ ብታዩት አረንጓዴ መብራት አለው። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ይውጣል። ልብ በመታ ቁጥር በእጅ አንጓችን የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ የሚዋጠውም ብርሃን አብሮ ይጨምራል። ሰዓቱ ይህን ከፍ ዝቅ እየቆጠረ የልብ ምታችንን ይነግረናል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ የሚለይ ጥቃቅን መሣሪያ ነው፤ እጃችን ሲወዛወዝ «እርምጃ» ብሎ ይመዘግባል። ብርሃንና እንቅስቃሴ፣ ዋናው ይኸው ነው። እንቅልፍ፣ የተቃጠለ ካሎሪ፣ «የጭንቀት መጠን» የሚባሉት በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ በስሌት የሚገመቱ ናቸው። ለዚህ ነው ቁጭ ብላ ቡና የምትወቅጥ ሴት እርምጃ ሊቆጠርላት የሚችለው። በሁለት እጁ ጋሪ የሚገፋ ሰው ደግሞ እጁ ስለማይወዛወዝ ቀኑን ሙሉ ሄዶም እርምጃው ሊጎድልበት ይችላል።

አሁን ደግሞ የማይለካውን እንይ። በየሱቁ «ግፊት እለካለሁ» የሚል ርካሽ ሰዓት ሞልቷል። የደም ግፊት በደንብ የሚለካው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው መለኪያ አየር ሞልቶ የደም ሥሩን ጨምቆ ቀስ ብሎ ሲለቀው ነው። ማሰሪያው ውስጥ አየር የሚሞላ ሰዓት አለ፤ እሱ ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ ነው። በብርሃን ብቻ እለካለሁ የሚለው ግን ግምት ነው። ሳምሰንግ እንኳን ግፊት የሚያሳዩ ሰዓቶቹ በየ28 ቀኑ በክንድ መለኪያ እንዲስተካከሉ ይጠይቃል። እንግዲህ ሰዓቱ ራሱ «እባክህ እውነተኛ መለኪያ ግዛ» እያለ ነው ማለት ነው።

ስኳርም እንደዚሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይበሳ ስኳር እለካለሁ ለሚል ለማንም ሰዓት ወይም ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ አስታውቋል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀጭን ክር ከቆዳ ሥር አስገብቶ የሚለካው መሣሪያ እውነተኛ ነው፣ የሚቻለው ሰውም ይጠቀምበት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን በሰዓት ቁጥር ተማምኖ መጠን ቢቀይር ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይህቺን አንዷን ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

ወደ እርምጃ ልምጣ። «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለውን ከየት እንዳመጣነው ታውቃላችሁ? ሐኪም አላዘዘውም። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ ኬ» የሚባል እርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ የስሙ ትርጉም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ ለአፍ ይመቻል፣ ያምራል፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ሕግ አደረገው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 በሆነ ከ16 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በጉልህ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ ወደ 7,500 አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን አቆመ። ስለዚህ ጡረታ የወጡ እናታችሁ 4,000 ላይ ቆመው «አልሞላልኝም» ብለው ቢያዝኑ «እማዬ፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ነገ ትንሽ ጨምሪበት» በሏቸው።

እዚህ ላይ ሐዋሳን እንያት። አሞራ ገደል መረቡን ሲስብ የሚያነጋው ዓሣ አጥማጅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከማሽን ማሽን ስትመላለስ የምትውል ልጅ፣ ከአላሙራ በኩል እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ እነዚህ ቁጭ ብለሃል ተነስ የሚል ሰዓት አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው ዕረፍትና ምግብ ነው። ሰዓቱ የተሠራው ለእኛ ነው፤ ከቤት እስከ ቢሮ በመኪና፣ ከቢሮ እስከ ምሳ በባጃጅ ለምንሄደው። ተማሪ ሳለን ከግቢ ተነስተን በእግራችን ፍቅር ሐይቅ ደርሰን እንመለስ የነበርን ሰዎች፣ አሁን ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ እንጠራለን። እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሰዓቱ ይሠራል ወይ ከተባለ፣ አዎ፣ ይሠራል። በ2022 ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ሥራ፣ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች በአማካይ በቀን ወደ 1,800 እርምጃ እንደሚጨምሩ አግኝቷል። ቀላል ነገር አይደለም።

ክብደት መቀነስ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። በ2016 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከ470 በላይ ወፍራም ወጣቶችን ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ሁሉም ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክር ያገኙ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ የሚለበስ መሣሪያ ተጨመረላቸው። መጨረሻ ላይ ሲመዘኑ መሣሪያ የሌላቸው 5.9 ኪሎ፣ መሣሪያ ያላቸው 3.5 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ለምን እንደሆነ ብዙ ተብሏል። እኔ በሥራዬ የማየው «ዛሬ ብዙ ሄጃለሁ፣ ሰዓቱ ይመስክር» ብሎ ማታ ክትፎ የሚያዝ ሰው ነው። ሰዓቱ የበላነውን አያይም።

አሁን ወደ ልብ እንሂድ፤ ሰዓቱ ከሁሉ የተመሰገነበት ቦታ ነው፣ ምስጋናውም ይገባዋል። «ኤትሪያል ፊብሪሌሽን» የሚባል ሕመም አለ። የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይንቀጠቀጣል፤ ደም እዚያ ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነስቶ አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። በ2019 በታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 419,297 ሰዎች የአፕል ሰዓት አድርገው ተመዘገቡ። «የልብ ምትህ ሥርዓት የለውም» የሚል መልእክት የደረሳቸው 0.52 በመቶው ብቻ ናቸው። ከእነሱ መካከል ደረታቸው ላይ የሚለጠፍ የልብ መመዝገቢያ አድርገው ከመለሱት 450 ሰዎች 34 በመቶው ላይ ሕመሙ ተረጋገጠ። ሕመሙ መጥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚያ ሳምንት ያልታየበት ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም የሰዓቱ መልእክት ምርመራ አለመሆኑን ያስተምረናል። መልእክቱ ማለት «ሂድና ኢሲጂ ተነሣ» ማለት ነው። ኢሲጂ ደግሞ እዚሁ ከተማችን አለ።

በሀብታሞቹ ሀገሮች ይህ ሕመም በአብዛኛው የአዛውንት ሕመም ነው። እኛ ጋ ሌላ መልክ አለው። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ ሕመም አሁንም ልጆቻችንን ይጎዳል። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ቫልቯ ጠብቦ፣ ልቧ ሥርዓቱን ስቶ፣ አንዳንዴም በእርግዝና ላይ እያለች ትመጣለች። ለእሷ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ይጎድላታል። አንደኛ የላትም። ሁለተኛ ቢኖራትም ሰዓት የልብ ምት ይቆጥራል እንጂ የቫልቭ ድምፅ አይሰማም። ለእሷ የሚደርስላት ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚያዳምጥ ጤና መኮንን፣ ከዚያም በፊት የቶንሲሏን ጊዜ በፔኒሲሊን የሚያክማት ጤና ጣቢያ ነው። እዚህ ያላችሁ የሕክምና መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የሰዓት ስክሪን ማንበብ ራሳቸው ይማራሉ፤ እባካችሁ ማዳመጫውን አጥብቃችሁ አስተምሯቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓት የልብ ድካምንም ሆነ የልብ ደም ሥር መዘጋትን አያውቅም። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ ላብ ያጠመቀው ሰው «ሰዓቴ 78 ነው የሚለው፣ ደህና ነኝ» ብሎ እቤቱ እንዳይተኛ። 78 ሆኖም ልብ ሊሞት ይችላል።

ኦክስጅንስ? በኮቪድ ጊዜ ይህን ቃል ያልተማረ የለም። ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚያዘው መለኪያ መነሻው በ1974 ታኩዎ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ያስተዋወቀው ሐሳብ ነው። ለእኔ ከሚለበሱ መሣሪያዎች ሁሉ የተከበረው እሱ ነው። ይሁን እንጂ በ2020 አንድ የአሜሪካ ጥናት አንድ የሚያሳስብ ነገር አወጣ። መለኪያው «ደህና ነው» ካላቸው ሕሙማን መካከል የደም ምርመራ ሲደረግ ኦክስጅናቸው በእርግጥ ዝቅ ብሎ የተገኘው ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ነበር። ይህ የሆስፒታል መለኪያ ነው። የቆዳ ጥቁረት ብርሃን ላይ በሚሠራ መሣሪያ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው። በእጃቸው አንጓ ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶቻችንም አሉ፤ ቀለሙ ብርሃኑን ያውካል። ከፍታም አለ። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። ደጋ ላይ ኦክስጅን ትንሽ ዝቅ ማለቱ ተፈጥሮ ነው። ሰዓቱ የተፈተነው ግን በአብዛኛው በሌሎች ሰዎች ቆዳ፣ በሌላ አየር ላይ ነው።

ታዲያ ያንን የጣት መለኪያ ለምን አከበርኩት? ከኋላው ሰውና ኦክስጅን ስላለ ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ኦክስጅንንና የጣት መለኪያን አብሮ የሚያስፋፋ ፍኖተ ካርታ ሲያወጣ ሁለቱን ለያይቶ አላየም። የሳምባ ምች የያዘው ሕፃን ጣቱ ላይ ሲደረግለት 84 ካለ ነርሷ ወዲያው ኦክስጅን ትከፍትለታለች። ቁጥር፣ ሰው፣ እርምጃ። ሲሊንደሩ ባዶ ከሆነ ግን ያው መሣሪያ ሕፃኑ ሲደክም እያየ የሚቆጥር ብቻ ነው የሚሆነው።

ይህ ነገር በሕክምና ብቻ አይደለም። ሯጮቻችንን ተመልከቱ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ በእጁ ላይ የልብ ምት የሚቆጥርለት ነገር አልነበረም። አሰልጣኝ ግን ነበረው፤ ኦኒ ኒስካነን ድካሙን አይቶ የሚያውቅለት፣ «ዛሬ ቀንስ፣ ነገ ጨምር» የሚለው ሰው ነበር። የዛሬዎቹ አትሌቶች ርቀትና ፍጥነት የሚለካ ሰዓት አስረው ይለማመዳሉ፤ ሲጨርሱም ቁጥሩን ለአሰልጣኛቸው ያሳያሉ። እሁድ ጠዋት ታቦር ተራራ ሥር የሚሮጠው የእኛ ጎልማሳ ግን ቁጥሩን የሚያሳየው ለቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑ ደግሞ «ጀግና!» ነው የሚለው፤ «ጉልበትህ አብጧል፣ ዕረፍ» የሚል የለም።

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ጉዳይ ልምጣ። ከውጭ ሀገር የመጣችሁ ወገኖች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። ልጅ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ለወላጁ ሰዓት መላክ የፍቅር ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ከአቶቴ አካባቢ የመጡ፣ ሰባውን ያለፉ አባት ራስ ምታት ብለው ገቡ። እጃቸው ላይ የሚያምር ሰዓት አለ።

«አባባ፣ ግፊትዎን ከተለኩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ሁልጊዜ ይለካኛል። ልጄ ናት የላከችልኝ። እዚያ ሆና በስልኳ ታየኛለች። ትናንት ደውላ ‹አባዬ፣ ዛሬ ለምን አልተራመድክም?› አለችኝ» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ስለካቸው ግፊታቸው 190 በ110 ነው። የልጅቷ ስልክ ላይ ግን አባቷ በየቀኑ ደህና ነበሩ። እርምጃቸው ደህና፣ የልብ ምታቸው ደህና፣ እንቅልፋቸው ደህና። ሰዓቱ አልዋሸም፤ የማይለካውን አልለካም፣ ያ ብቻ ነው። የሚሊዮኖች ችግር ግን በትክክል እዚያው፣ ሰዓቱ በማያየው ቦታ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሪነት በ2015 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎቻችን ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። ብዙዎቹ አያውቁትም። «ደም ብዛት» ብለን የምንጠራው ይህ ሕመም ሳያሳምም ዓመታት ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሽ አካል ይዞ ይሄዳል።

የአባባ ነገር በደህና ሆነ። መድኃኒት ጀመሩ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ተገዛላቸው። የልጅ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ትለካቸዋለች፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስታ ለአክስቷ በቴሌግራም ትልካለች። አክስት አሁን ስትደውል «መድኃኒትህን ወሰድክ ወይ? ጨው ቀነስክ ወይ?» ብላም ትጠይቃለች። ሰዓቱም እጃቸው ላይ አለ፣ እየተራመዱበት ነው። ማንም ሰዓቱን አውልቁ አላላቸውም። ያስፈለገው ትክክለኛውን ቁጥር የሚለካ መሣሪያና ያንን ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ነበር።

ሰዓቱ በጣም የሚጠቅምበት አንድ ተራ ነገር ደግሞ አለ፤ ማስታወሻው። መድኃኒት መርሳት ትልቅ ችግራችን ነው፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ ከየትኛውም ምክር ይሻላል። ግን የእኛን አቆጣጠር አስቡ። ሐኪም «ማታ 2 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ልጅ ሳያስተውል 2 ብሎ ቢሞላው፣ ሰዓቱ ወይ ቀን በ8 ይጮኻል፣ ወይ ሌሊት በ8 እናቱን ይቀሰቅሳል። የማታ 2 በሰዓቱ አቆጣጠር 20:00 ነው። ጾምም አለ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ፣ ረመዳን ሲገባ ከንጋት እስከ መግሪብ የማይቀምሱ ወላጆች አሉን። የስኳር መድኃኒት ማስታወሻ ከጾሙ ጋር ካልተስማማ አደጋ ነው። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ፣ ከዚያ ማስታወሻው ይስተካከል። ይህን የሚያደርገው ሰዓቱ አይደለም፤ አጠገባቸው ያለው ልጅ ነው።

ስለ እንቅልፍ ደግሞ አጭር ነገር። ሰዓቱ ጠዋት «የእንቅልፍ ነጥብህ 61» ይላል። ተኝቶ ደህና የተነሣ ሰው ይህን አይቶ ይደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንቅልፍ ሐኪሞች ለዚህ ስም እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ፍጹም እንቅልፍ በቁጥር ሲፈልግ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ብዙ አይተዋል። ተረኛ ሆነው የሚያድሩ ነርሶች፣ ለኪዳን በሌሊት የሚነሡ እናቶች ነጥባቸው ሁልጊዜ ዝቅ ይላል። ቁጥሩ ካስጨነቃችሁ የእንቅልፉን ክፍል ዝጉት። ሌሊት የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆም ሰው ካለ ግን ከሰዓቱ ይልቅ አልጋ የሚጋራውን ሰው ጠይቁ፤ እሱ የበለጠ ያውቃል።

ሰዓት የሚሰበስበው መረጃ የእናንተ አካል መሆኑንም አትርሱ። የልብ ምት፣ የወር አበባ ቀን፣ የት እንደሄዳችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ የሕግ ምሩቃን ወንድሞቼ ከእኔ በላይ ያብራሩታል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት መተግበሪያ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ፎቶአችሁንና የት እንዳላችሁ ሁሉ ካላየሁ እርምጃ አልቆጥርም ካለ፣ ይቅርባችሁ።

ልጨርስ ነው። ሦስት ነገር ለሦስት ወገን።

ከውጭ የመጣችሁ፣ ለወላጆቻችሁ ሰዓት ከመላካችሁ በፊት ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት የግፊት መለኪያ ላኩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ መለኪያውን ግዙ። ከዚያ በላይ ግን እየለካ የሚጽፍ አንድ ሰው፣ የልጅ ልጅም ይሁን ጎረቤት፣ እዚህ መድቡ። እናንተም በየሳምንቱ አንድ ቀን ጠይቁ። በሥራ ብዛት ከመደወል ይልቅ ስክሪን ማየት ቀሎን እንደሆነ እያንዳንዳችን እንመርምር። አባት እርምጃቸውን ብቻ ሳይሆን ድምፃቸውንም የሚሰማላቸው ይፈልጋሉ።

ሰዓት ያሰራችሁ ሁሉ፣ ሐኪም ጋ ስትመጡ የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የወራት አካሄድ ይዛችሁ ኑ። «ድሮ ተቀምጬ 65 ይመታ የነበረው ካለፈው ወር ጀምሮ 90 ሆኗል» ብትሉኝ ጠቃሚ ነገር ነገራችሁኝ፤ ደም ማነስም፣ እንቅርትም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል፣ እንመረምራለን። «ትናንት ከለሊቱ 9 ሰዓት ለሁለት ደቂቃ 104 ሆነ» ካላችሁኝ ግን ምን አልማችሁ እንደነበር ነው የምጠይቃችሁ።

መምህሮቻችን፣ ይህ ለእናንተ የቤት ሥራ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በእኛ ሰው ቆዳ፣ በእኛ ከፍታ፣ ንቅሳት ባለበት እጅ ላይ ምን ያህል እንደሚያስኬዱ መለካት አለበት። ለዚህ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። በአንድ በኩል ኢሲጂና የክንድ መለኪያ፣ በሌላ በኩል ገበያ ላይ የሚሸጡት ሰዓቶች፣ መሃል ላይ ፈቃደኛ ሰዎችና ትጉህ ተማሪዎች። የሕክምና ኮሌጁና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች አብረው የመመረቂያ ሥራ ቢያደርጉት ለራሳችን ጥያቄ ራሳችን መልስ እንሰጣለን። ቸርቻሪውም «ዶክተሮች መስክረውለታል» ከማለቱ በፊት ያስብ ነበር።

በመጨረሻም፣ በወሬ ብቻ እንዳንለያይ፣ ከአዳራሹ በር በስተቀኝ የሥራ ባልደረቦቼ አራት የግፊት መለኪያ ይዘው ቁጭ ብለዋል። ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት እለፉ፤ ቡና ለጊዜው ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ በኋላ በእኛ እንዳታሳብቡ። አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግር አታጣምሩ፣ ሲለካ አታውሩ። የመጨረሻው ለዚህ ጉባኤ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቁጥራችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አትደንግጡ፤ ሌላ ቀን ይደገማል፣ ማን ጋ እንደምትሄዱም ይነገራችኋል። ሰዓቱን ማውለቅ አያስፈልግም። እጅጌውን ግን ሰብሰብ አድርጉት።